ስለ ሻይን ማስካት ወይን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጃፓን የተገኘው አረንጓዴው ሻይን ማስካት ከአገሩ ወጥቶ ዛሬ በዱባይ፣ በሲንጋፖርና በአሜሪካ ከተሞች የፍራፍሬ መደርደሪያ ላይ ይታያል። ዋጋውን ያየ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻይን ማስካት ምን ዓይነት ወይን ነው?

እንደ ፍራፍሬ የሚበላ ወይን ነው። በአማርኛ ፍሬውንም መጠጡንም «ወይን» ስለምንል ብዙ ሰው የወይን ጠጅ ስም ይመስለዋል፤ አይደለም። አንዷ ፍሬ ከ10 እስከ 12 ግራም ትመዝናለች። በየሱፐርማርኬቱ ከሚሸጠው ተራ ወይን ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጧት እጥፍ ያህል ትሆናለች። ቀለሟ አረንጓዴ ሲሆን እየበሰለች ስትሄድ ወደ ቢጫነት ታደላለች። ዘር የላትም፤ ልጣጯም ስስ ስለሆነ ከነልጣጯ ትበላለች።

ጣዕሙ በእርግጥ ይለያል ወይስ ስሙ ነው?

ይለያል። መጀመሪያ የሚታወቀው በጥርስ ነው። ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ይሰበራል እንጂ አይልመጠመጥም። ከእሱ በፊት በጃፓን ገበያ ነግሦ የነበረው ጥቁሩ ክዮሆ ወፍራም ልጣጭ አለው። ጃፓኖች ልጣጩን ጫን ብለው ለስላሳውን ሥጋ ወደ አፋቸው ያሾልካሉ፤ ልጣጩንና ዘሩን ይተፋሉ። ሻይን ማስካት ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ። እጅ አይጨማለቅም፣ የሚተፋም ነገር የለም። ልጆችና ወጣቶች የወደዱት በዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መዓዛው ነው። «ማስካት» የሚባሉት የወይን ዝርያዎች ከጥንት ዘመን ጀምሮ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚታወቅ የአበባ ሽታ አላቸው። ሻይን ማስካት ይህን ሽታ ወርሷል። አፍ ውስጥ ሲሰበር ሽታው በአፍንጫ በኩል ይወጣል፣ ከተዋጠም በኋላ ትንሽ ይቆያል። ስኳሩ ደህና ሆኖ ሲበስል 18 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ኮምጣጣነቱ ግን በጣም ዝቅተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር። ጎምዘዝ ያለ ፍሬ የሚወድ ሰው የመጀመሪያዎቹን አሥር ፍሬዎች አድንቆ በልቶ ከዚያ ሊሰለቸው ይችላል። ጣፋጭነቱን የሚመክት ኮምጣጣ ነገር የለውም። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ ከሰው ጋር ተካፍሎ የሚበላ ፍሬ ነው እላለሁ።

ማን አገኘው? ከምንስ ተዳቀለ?

የተገኘው በሂሮሺማ ግዛት፣ አኪትሱ በምትባል የባሕር ዳርቻ ቦታ ባለው የመንግሥት የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ ነው። ጣቢያው ዛሬ ናሮ በሚባለው የጃፓን ብሔራዊ የግብርናና የምግብ ምርምር ድርጅት ሥር ነው።

ተመራማሪዎቹን ያስቸገራቸው ዝናብ ነበር። የአውሮፓና የምዕራብ እስያ ወይን ደረቅ በጋ ይወዳል። ጃፓን ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሳያባራ ይዘንብባታል፤ ከዚያ አውሎ ነፋሱ ይከተላል። ማስካት ኦፍ አሌክሳንድሪያ የሚባለው ጥንታዊ ባለ ግሩም መዓዛ ወይን በዚያ አየር ፍሬው ይሰነጠቃል፣ በሽታም ይረባረብበታል። በኦካያማ ግዛት ከ1886 ጀምሮ በመስታወት ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ለዚህ ነው። የአሜሪካ ወይኖች በተቃራኒው ዝናቡን ይችሉታል፤ ሽታቸው ግን ከበድ ያለ ነው፣ ሥጋቸውም ይልመጠመጣል።

ስለዚህ የሁለቱን መልካም ጎን በአንድ ተክል ላይ ለማምጣት ተነሡ። ከኒው ዮርክ የመጣውን ስቱበንን ከማስካት ኦፍ አሌክሳንድሪያ ጋር አዳቅለው አኪትሱ 21 የተባለ ተክል አገኙ። ፍሬው ትልቅ ሆነ፣ ሽታው ግን የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ አላማረም። እዚያ ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ወይን የሚያወራ ባልነበረ። በ1988 ይህንኑ ተክል ሃኩናን ከተባለ ሌላ ትልቅ ፍሬ ካለው ወይን ጋር እንደገና አዳቀሉት። ከዘሮቹ መካከል አንዱ የማስካቱን ሽታ ብቻ ይዞ፣ ሥጋው ቀጭ የሚል፣ ልጣጩ የሚበላ፣ ዝናብንም ከአያቱ በተሻለ የሚችል ሆኖ ወጣ። ስሙ በ2003 ተሰጠው፤ በ2006 በዝርያ መዝገብ ገባ። ከማዳቀሉ እስከ ምዝገባው 18 ዓመት ማለት ነው። አንድ ሕፃን ተወልዶ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያስቡት።

ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ?

በጃፓን በምርቱ ወራት ተራ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ዘለላ ከ1,000 እስከ 2,000 የን ገደማ ይሸጣል። ለስጦታ ተመርጦ በሳጥን የታሸገው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሰዎች ምክንያቱን ከማስታወቂያና ከስም ይፈልጉታል። እኔ ግን የገበሬው እጅ ላይ ነው የማገኘው፤ እስቲ ሥራውን ልዘርዝረው።

የጃፓን ወይን የሚያድገው በዳስ ላይ ነው። ሽቦ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ እንደ ጣሪያ ይዘረጋል፤ ሐረጉ በዚያ ላይ ይንጠራራል፤ ዘለላዎቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ገበሬው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ አንገቱን አቅንቶ ነው።

በጸደይ አበባው ሲወጣ በአንዱ የአበባ ዘለላ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቡጦች ይኖራሉ። ገበሬው ጫፉ ላይ ያለውን ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ትቶ ሌላውን በጣቱ ያራግፈዋል። ከአንድ ቀንበጥ ላይም አንድ ዘለላ ብቻ እንዲቀር ሌላው ይቆረጣል። አበባው በሚፈካበት ሰሞን እያንዳንዱን ዘለላ ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን ያለበት ኩባያ ውስጥ ይነክረዋል። ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ሁሉንም እንደገና ይነክራል። ምንም ማሽን የለም፤ ኩባያውን ይዞ ከዘለላ ወደ ዘለላ መሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሁሉ የከበደው ሥራ ይመጣል፤ ፍሬ ማሳሳት። ፍሬዎቹ ገና እንደ ሽምብራ ሳሉ በቀጭን መቀስ ትንንሾቹን፣ የተጣመሙትን፣ ወደ ውስጥ የገቡትን እየለየ ይቆርጣል። በመጨረሻ በዘለላው ላይ 40 ገደማ ፍሬዎች ብቻ ይቀራሉ። የትኛዋ ፍሬ ስታድግ ወዴት እንደምትገፋ አስቀድሞ ማየት አለበት፤ ሲያብጡ ክፍተት የሌለበት፣ እርስ በርሳቸውም የማይጨፈላለቁበት ዘለላ እንዲሆን። ጊዜ ደግሞ አይሰጥም። ፍሬው በየቀኑ ስለሚያብጥ ጥቂት ቀን ያሳለፈ ሰው መቀሱ በፍሬዎቹ መካከል አይገባለትም። አንድ ቤተሰብ በሺህ የሚቆጠሩ ዘለላዎችን በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጨረስ ይኖርበታል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ዘለላ ከወፍ፣ ከነፍሳትና ከፀሐይ እንዲጠበቅ የወረቀት ከረጢት ይለብሳል።

ይህን የሚሠሩት እነማን ናቸው? በ2020 በተካሄደው የግብርና ቆጠራ መሠረት በጃፓን ዋና ሥራቸው እርሻ የሆነ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 67.8 ዓመት ነው። ሽቅብ እጁን ዘርግቶ የሚውለው ብዙ ጊዜ አያት የሆነ ሰው ነው። ዋጋው ሲነገረኝ መጀመሪያ የማስበው ይህን ነው፤ ውድ ነው ብዬም አላማርርም።

ዘር የሌለው ለምንድን ነው? ጂኑ ተቀይሯል?

አልተቀየረም። የተገኘው ከላይ እንደተገለጸው የአንዱን አበባ ብናኝ በሌላው ላይ በማድረግ ነው። እንዲያውም ተክሉ በራሱ ቢተው ዘር ያፈራል። ዘር የሚያሳጣው ያ ኩባያ ውስጥ ያለው ጂበረሊን ነው። የመጀመሪያው ንክር ዘሩን ይከለክላል፤ ሁለተኛው ፍሬውን ያሳብጣል።

ጂበረሊን ራሱ ተክሎች በውስጣቸው የሚያመርቱት ሆርሞን ነው፤ የታወቀውም በሩዝ በሽታ ምክንያት ነበር። በጃፓን የሩዝ ችግኞች ከልክ በላይ እየረዘሙ የሚወድቁበት በሽታ ነበር፤ ገበሬዎቹ «ሞኙ ችግኝ» ይሉታል። ኩሮሳዋ ኤይቺ የተባለ ተመራማሪ በ1926 ችግኙን የሚያስረዝመው አንድ ሻጋታ የሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳየ። ከዚያ ነው ስሙም ጥቅሙም የመጣው።

ጃፓኖች ፍራፍሬን እንደ ጌጥ አሽገው የሚሰጡት ለምንድን ነው?

እኛ በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ብርቱካንና ሙዝ እንደምንይዘው እነሱም ፍራፍሬ ይይዛሉ፤ ይህ ያን ያህል አይራቅብን። ልዩነቱ የስጦታው ወግ በዓመቱ ውስጥ ቀን የተቆረጠለት መሆኑ ነው። በበጋ አጋማሽ ኦቹጌን፣ በዓመቱ መጨረሻ ኦሴይቦ የሚባሉ የስጦታ ወቅቶች አሉ። ሰው ለአለቃው፣ ለመምህሩ፣ ለሐኪሙ፣ ውለታ ለዋለለት ሁሉ ምስጋናውን ይልካል። በነሐሴ ደግሞ ኦቦን የተባለው የሙታን መታሰቢያ አለ፤ በቤት ውስጥ ባለው የቡድሃ መሠዊያ ፊት ፍራፍሬ ይቀመጣል። የሻይን ማስካት ምርት ከዚህ ወቅት ጋር ይገጥማል።

ለዚህ ወግ የቆሙ ሱቆችም አሉ። በቶኪዮ ኒሆንባሺ የሚገኘው ሴምቢኪያ የተመሠረተው በ1834 ነው። እዚያ ሐብሐብና ወይን የሚታዩት እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ ነው። ሲሰጡ እንከን ያለበት ነገር መስጠት ያሳፍራል። ጠባሳ የሌለበት፣ ፍሬው እኩል የሆነ ዘለላ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ገዢው የሚከፍለው በአብዛኛው ስለ ራሱ አፍ ሳይሆን ስለሚያከብረው ሰው ነው።

በሚሊዮን የን ተሸጠ የተባለው ይህ ወይን ነው?

አይደለም፤ እሱ ሩቢ ሮማን የሚባል ቀይ ወይን ነው። የሚበቅለው በኢሺካዋ ግዛት ሲሆን አንዷ ፍሬ ቢያንስ 20 ግራም ካልመዘነችና ስኳሯ 18 በመቶ ካልደረሰ በዚያ ስም አትሸጥም። በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ለጨረታ ሲወጣ አንድ ዘለላ 100,000 የን አወጣ። በ2016 ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያ ዘለላ በ1.1 ሚሊዮን የን ተሸጠ፤ ፍሬዎቹ 30 ገደማ ነበሩ።

ይህን ዋጋ ግን እንደ ገበያ ዋጋ አይውሰዱት። የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ በጃፓን የደስታ ጨረታ ነው። የሚገዛው ሆቴል ወይም መደብር ስሙ በጋዜጣ ይወጣለታል፤ ገበሬዎቹም ወቅቱ በመልካም ተከፈተ ይላሉ። በሳምንቱ ዋጋው ብዙ ይወርዳል።

በቻይናና በኮርያ የሚመረተው የውሸት ነው?

የውሸት አይደለም፤ ያው ተክል ነው። አሳዛኙም ነገር ይህ ነው።

በዓለም አቀፉ የዝርያ ጥበቃ ስምምነት መሠረት አንድ አዳቃይ አዲሱን የወይን ዝርያ በአገሩ መሸጥ ከጀመረ በኋላ በሌሎች አገሮች ለማስመዝገብ ያለው ጊዜ ስድስት ዓመት ነው። ጃፓን ውጭ አገር ሳታስመዘግበው ያ ጊዜ አለፈ። ወይን ደግሞ በዘር የሚተላለፍ አይደለም፤ አንድ ክንድ የማይሞላ ቅንጣቢ ቅርንጫፍ በቂ ነው። ቅርንጫፎች ወጡ፣ ተተከሉ፣ ተባዙ። በቻይና ዛሬ ስሙ «የፀሐይ ጽጌረዳ» ነው። የጃፓን ግብርና ሚኒስቴር በቻይና በዚህ ወይን የተሸፈነውን መሬት 53,000 ሄክታር ገደማ ብሎ ገምቶታል፤ ከራሷ ከጃፓን 30 እጥፍ ያህል ማለት ነው። ፈቃድ ተከፍሎበት ቢሆን ኖሮ በዓመት ከ10 ቢሊዮን የን በላይ ይገባ ነበር ብሎም አስልቷል። በ2020 መጨረሻ የዝርያ ሕጉ ተሻሻለ፤ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ የተመዘገቡ ዝርያዎችን ችግኝ ካልተፈቀደለት አገር ማውጣት ተከለከለ። ሻይን ማስካት ግን ከወጣ ቆይቷል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። በጤፋችን ላይ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የባለቤትነት ፈቃድ አውጥቶ፣ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ስንት ዓመት እንደተብሰለሰልን እናስታውሳለን። የእኛ ጉዳይ የራሳችንን ሌላው የኔ ነው ማለቱ ነበር፤ የእነሱ ደግሞ የራሳቸውን በጊዜ የኛ ነው አለማለታቸው። የኮርያና የቻይና ገበሬዎች ላይ አልፈርድም፤ በሕጋቸው የተከለከለ ነገር አላደረጉም። የ18 ዓመት ሥራ በአንድ ማመልከቻ ጉድለት ከእጅ መውጣቱ ግን ያንገበግበኛል።

ታዲያ አንዱ ቦታ ውድ፣ ሌላው ቦታ ርካሽ፣ ጣዕሙም የተለያየ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ተክሉ አንድ ቢሆንም አያያዙ አንድ አይደለም። በሐረጉ ላይ ብዙ ዘለላ፣ በዘለላው ላይም ብዙ ፍሬ ከተተወ ስኳሩ ይከፋፈላል። ዋጋው ጥሩ ሳለ ለመሸጥ ቶሎ ከተቆረጠም ወይን ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም፤ እንደ ሙዝ ቤት ውስጥ አይበስልም። በቻይናም በኮርያም ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ ስለተከለው ዋጋው በጣም ወርዷል። በአሜሪካ ያላችሁ በኮርያውያን መደብሮች የምታገኙት አብዛኛው ከኮርያ የመጣ ነው። በደንብ ከበሰለ ዘለላ የተቆረጠው ከጃፓኑ የሚያንስ አይደለም።

የፀረ ተባይ ነገርስ? መርዝ ተገኘበት ሲባል ሰምቻለሁ።

ወሬው የመጣው ከታይላንድ ነው። በጥቅምት 2024 አንድ የሸማቾች ጥምረት ከገበያ የሰበሰባቸውን 24 ናሙናዎች አስመርምሮ በ23ቱ ላይ ከተፈቀደው በላይ የኬሚካል ቅሪት መገኘቱን አስታወቀ። ብዙዎቹ ከየት አገር እንደመጡ እንኳ አይታወቅም ነበር። ከነልጣጩ የሚበላ ፍሬ በመሆኑ ነገሩን ቀላል አድርጌ አላየውም። የመጣበት አገር ያልተጻፈበትን አይግዙ። ሊበሉ ሲሉም ፍሬውን እየነጠሉ በሚፈስ ውኃ ያሹት።

ስገዛ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ግንዱን ይመልከቱ። የዘለላው እንጨት አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በቅርብ የተቆረጠ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ቆይቷል። ፍሬው የተወጠረ ይሁን። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ቆሻሻ ወይም መድኃኒት ሳይሆን ፍሬው ራሱን ከድርቀት የሚጠብቅበት ሰም ነው፤ እንዲያውም ብዙ ሰው አልነካካውም ማለት ነው።

ቀለሙ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ደማቅ አረንጓዴው ለዓይን ያምራል፤ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላው ግን ይበልጥ ጣፋጭና ባለ መዓዛ ነው። አንዳንዴ በጣም በበሰለው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ለስጦታ አይሆንም፤ ለራስዎ ከሆነ ግን ቅናሽ ጠይቀው ይውሰዱት። በጃፓን ዋናው ወቅት ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው።

በኢትዮጵያ ሊበቅል ይችላል?

ወይን በኢትዮጵያ ይበቅላል፤ በዝዋይ አካባቢ ለወይን ጠጅ የሚሆኑ የፈረንሳይ ዝርያዎች ተተክለው ምርት ይሰጣሉ። ሻይን ማስካት ግን ሁለት ነገር ይይዘዋል። አንደኛው እረፍት ነው። ይህ ተክል ቅጠሉን አራግፎ በክረምት ብርድ መተኛት የለመደ ነው፤ እንዲህ ያለ ብርድ በሌለበት አገር እንቡጡ በአንድ ጊዜ አይነቃም። በሞቃት አገሮች ይህን ቅርንጫፉን በመግረዝና በመድኃኒት ያስተካክሉታል፤ ይቻላል፣ ግን እውቀት ይጠይቃል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ከጃፓን ችግኝ በሻንጣ ይዞ መውጣት ሕግ መተላለፍ ነው፤ የዕፅዋት በሽታም ያስገባል። እባካችሁ አትሞክሩት።

ስኳር ላለበት ሰውና ለልጆችስ?

ስኳር ያለበት ሰው ከ100 ግራም፣ ማለትም ከዘጠኝ አሥር ፍሬ ገደማ፣ 17 ግራም ያህል ስኳር እንደሚያገኝ አስቦ ይለካው። ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ድቡልቡሉን ፍሬ እንዳለ በፍጹም አይስጡ። ጉሮሮ ላይ ልክ እንደ ውታፍ ይቀመጣል፤ ቀጭ የሚለው ጥንካሬውም ይብሳል። በቁመቱ አራት ቦታ ይቁረጡለት።

አንድ ሳጥን በስጦታ ደረሰኝ፤ እንዴት ላስቀምጠው፣ እንዴትስ ልብላው?

ከማስቀመጥዎ በፊት አያጥቡት። ውኃ ሰሙን ያነሣውና ቶሎ ይበላሻል። በሁለት ሦስት ቀን የሚያልቅ ከሆነ ዘለላውን በወረቀት ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። ለማቆየት ከፈለጉ ፍሬዎቹን በእጅ አይንቀሉ፤ በመቀስ ትንሽ ጭራ እየተዉ ይቁረጧቸውና በተዘጋ ዕቃ ያስቀምጡ። ጭራው ከተነቀለ ቁስሉ ክፍት ይሆናል። ከፍሪጅ አውጥተው ወዲያው አይብሉት፤ በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይደበቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት።

ሲበሉ ደግሞ ከታች ይጀምሩ። በዘለላው ላይ የሚበስለው ከላይ፣ ከግንዱ አጠገብ ያለው ቀድሞ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ስኳሩ ያንሳል። ከታች ወደ ላይ የወጣ ሰው እያንዳንዷ ፍሬ ካለፈችው ትጣፍጠዋለች። እንግዳ ካለ የላይኞቹን ለእሱ ይተዉለት።